ሮን የገባበት፣ ሮን የወጣበት፦ የሌማን ሐይቅ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ሰኔ 9፤ ጄኔቫ

"እታለም፣ ቡናው ይቆየን፤ መጀመሪያ ውኃው የሚወጣበትን ልየው" ብዬ ሻንጣዬን እህቴ ቤት ደጃፍ ላይ ትቼ ወደ ሞን ብላን ድልድይ ወረድሁ። አልተገረመችም። ሁለታችንም ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና ሲለይ እያየን ነው ያደግነው፤ ሐይቅ ያለበት ከተማ ስገባ መውጫውን ሳላይ እንደማይሆንልኝ ታውቃለች።

ድልድዩ ላይ ቆሞ ወዲህ የሚያይ ሐይቅ ያያል፤ ወዲያ የሚያይ ወንዝ ያያል። በመካከላቸው ያለው የድልድዩ ወርድ ብቻ ነው። በአንዱ ወገን ጀልባዎች ታስረው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ በሌላው ወገን ያው ውኃ እንደ ተጠራ ሰው ተጣድፎ ይሄዳል። ጥራቱ አስደነቀኝ። ጣና ከየገባሩ ደለል ተቀብሎ መደፍረስ በሚጀምርበት በሰኔ፣ እዚህ ድልድይ ላይ ሆኜ ከውኃው በታች ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ አየሁት።

ለዚህ ጉዞ ያነሣሣኝ ከልጅነቴ አብሮኝ የኖረ ጥያቄ ነው። አባታችን ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ ታንኳ እየሠሩ ነው ያሳደጉን። ግልገል ዓባይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ጣና ገብቶ፣ ሐይቁን ሳይቀላቀለው ሰንጥቆ አልፎ ባሕር ዳር ላይ እንደሚወጣ ይነግሩን ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ከሆንሁ በኋላ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ስለ ሌማን ሳነብ ያው እምነት እዚህም እንደነበረ አገኘሁ፤ የጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች ሮን ወንዝ በሐይቁ አንድ ጫፍ ገብቶ፣ ሳይቀላቀል በሌላው ጫፍ ይወጣል ብለው ጽፈዋል። ያለኝ ስድስት ቀን ነው። ከመውጫው ተነሥቼ በሰሜኑ ዳርቻ መግቢያው ድረስ እሄዳለሁ፤ በደቡቡ እመለሳለሁ። ሮን ሐይቁ ውስጥ ምን እንደሚሆን ዓይን የሚያየውን ያህል ማየት እፈልጋለሁ።

ሌማን ካርታ ላይ ጀርባውን ወደ ሰሜን ያጎበጠ ማጭድ ይመስላል። ጫፍ ለጫፍ 73 ኪሎ ሜትር፣ በሰፊው ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ580 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋቱ 345ቱ የስዊዘርላንድ፣ 235ቱ የፈረንሳይ ነው፤ ድንበሩ ውኃ ለውኃ ያልፋል። ብዙ ካርታ "የጄኔቫ ሐይቅ" ይለዋል፤ ዳርቻው ላይ የሚኖረው ሕዝብ ግን ከዩልየስ ቄሳር ዘመን ጀምሮ በሚታወቅበት ስሙ ሌማን ነው የሚለው፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 372 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ አያምኑኝም። የአልፕስ ሐይቅ ሲባል ሰማይ አጠገብ የተሰቀለ ነገር ይታያቸዋል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛው ግን የኛው ጣና ነው። ሌማን በተራሮቹ እግር ሥር ነው ያለው።

ለምን እንዲህ ዝቅ እንዳለ የሚናገሩ ሁለት ቋጥኞች ወደቡ ውስጥ አሉ። ከውኃው ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ፒዬር ዱ ኒቶን ይሏቸዋል። የጄኔቫ ድንጋይ አይደሉም፤ ከአልፕስ ውስጥ በበረዶ ግግር ተጭነው የመጡ ናቸው። በበረዶው ዘመን የሮን ግግር ሸለቆውን ሞልቶ፣ ይህን አገር ሁሉ ሸፍኖ እስከ ሊዮን አካባቢ ደርሶ ነበር። የሐይቁን ጉድጓድ ቆፍሮ ያጠለቀው እሱ ነው። ሲቀልጥ ጉድጓዱን ለውኃው፣ ድንጋዮቹን ለጄኔቫ ትቶ ሄደ። ጣና የተወለደው ከእሳት ነው፤ ከምድር የፈሰሰ ቅልጥ አለት የዓባይን መንገድ ዘግቶ። ሌማን የበረዶ ልጅ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ጄኔራል ጊዮም-ኦንሪ ዱፉር የስዊዘርላንድን ካርታ ሲሠሩ ከነዚህ ድንጋዮች አንዱን የአገሪቱ ከፍታ ሁሉ የሚለካበት መነሻ አደረጉት። ዛሬ የተመዘገበው ቁጥሩ 373.6 ሜትር ነው። ተሰዶ የመጣ ድንጋይ የአገሩ ሁሉ መለኪያ ሆኗል፤ እህቴ ይህን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

ከወንዙ በታች በኩል የሰዤ ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሐይቁን ከፍታ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የጨረጨራ ግድብ ለጣና እንደሚያደርገው። ጄኔቫ፣ ቮና ቫሌ የተባሉት ሦስቱ ካንቶኖች፣ ማለትም የስዊዘርላንድ ክልሎች፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ተዋውለው ሐይቁ ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል ወስነዋል፤ ልዩነቱ በተለመደው ዓመት ከ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ አያልፍም። ከተማዋ የምትታወቅበት፣ 140 ሜትር ወደ ላይ የሚተኮሰው ውኃም መነሻው የዚሁ የወንዝ ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የውኃ ኃይል ማደያው ግፊት ሲበዛበት ማስተንፈሻ ሆኖ ነበር የተሠራው።

ማታ በሐይቁ ዳር ስንመለስ እህቴ ስለ ጃንሆይ አነሣች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህች ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ፣ ከጣሊያን አውሮፕላኖች የሚወርደው መርዝ ወታደሩንና ሴቱን፣ ሕፃኑንና ከብቱን ብቻ ሳይሆን ወንዙን፣ ሐይቁንና ግጦሹን ጭምር እንዳራሰው ተናግረው ነበር። የሰሟቸው ሰዎች ከአዳራሹ ወጥተው ይህን ጥርት ያለ ውኃ እያዩ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ያን ማታ ብዙ አልተነጋገርንም።

ሰኔ 10፤ ሞርዥ

ባቡሩ በኒዮን አልፎ ከአርባ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሞርዥ አደረሰኝ። እስከ ኒዮን አጠገብ ያለው ክፍል ትንሹ ሐይቅ ይባላል፤ ጠባብና ከ80 ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ያለው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ታላቁ ሐይቅ ነው። ከባቡር መስኮት ልዩነቱ ይታወቃል፤ ማዶ ያለው የፈረንሳይ ዳርቻ ቀስ በቀስ እየራቀ ቤቶቹ መታየታቸውን ያቆማሉ።

ሞርዥ የመጣሁት ስለ ፍራንስዋ-አልፎንስ ፎሬል ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 እዚህ ተወለደ፤ በ1912 እዚሁ ሞተ። የሐይቅ ሳይንስ፣ ሊምኖሎጂ የሚባለው፣ እሱ ከዚህ ዳርቻ ላይ ሆኖ ያቆመው ትምህርት ነው። ሙቀቱን፣ ቀለሙን፣ ደለሉን፣ ዓሣውን፣ ነፋሱን፣ የዓሣ አጥማጆቹን ቃላት ሳይቀር መርምሮ ስለዚህ አንድ ሐይቅ ሦስት ትልልቅ ቅጾች ጻፈ። ለአንድ ውኃ ዕድሜን መስጠት ማለት ይህ ነው። ጣናን እንዲህ አድርጎ ከልጅነት እስከ እርጅና የሚከተል ልጅ ከተማሪዎቼ መካከል ቢወጣ የማስተማሬ ዋጋ ተከፈለኝ እላለሁ።

ወደቡ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፎሬል ያጠናውን ነገር ለማየት ሞከርሁ። ሳፋ ሙሉ ውኃ ይዘን ስንሄድ ውኃው ወዲያና ወዲህ እንደሚል፣ ሌማንም ጠቅላላው እንዲሁ ይወዛወዛል። ነፋስ ወይም የአየር ግፊት በአንዱ ጫፍ ይገፋዋል፤ ሲለቀው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሴሽ ይሉታል። ከጫፍ ጫፍ ሄዶ ለመመለስ 73 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ብዙውን ጊዜ ከፍታው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ጠባቡ የጄኔቫ ጫፍ ላይ ግን ይጎላል፤ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ፎሬል በተወለደበት ዓመት፣ እዚያ ከ1.8 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ማለቱ ተመዝግቧል። ከወደቡ ግንብ ላይ አንዲት እርጥብ መስመር መርጬ ሰዓቴን ይዤ ጠበቅሁ። የመርከብ ማዕበል እየመጣ መስመሬን አጠፋብኝ። ፎሬል ይህን ለማሸነፍ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ትዕግሥቱ ምን ያህል እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ወደ ምሽት ሰማዩ ሲጠራ ማዶ ከሳቧ ተራሮች በላይ የሞን ብላን ተራራ ወጣ። ነጭ ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። ከዚህ በላይ ልጽፍለት አልችልም።

ሰኔ 11፤ ከኩሊ እስከ ሺዮን

ከሎዛን አልፎ የሐይቁ ዳርቻ ይቆማል፤ ማለቴ መሬቱ ይቆማል። ላቮ የሚሉት ቁልቁለት ነው፤ ከላይ እስከ ውኃው ድረስ በድንጋይ እርከን ተሠርቶ ወይን ተተክሎበታል። ከኩሊ እስከ ሳን ሳፎራን በእርከኖቹ መካከል በምታልፍ ጠባብ መንገድ በእግሬ ሄድሁ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ገደማ፣ መነኮሳት ደኑን መንጥረው እንደ ጀመሩት ይነገራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኛ የኮንሶ እርከን ከአራት ዓመት በኋላ በ2011 ተመዝግቧል። ሁለቱንም ያየ ሰው የድንጋዩን አቀማመጥ አይቶ የእጅን ሥራ ያከብራል፤ ኮንሶዎች ግን ውኃውን መሬቱ ላይ ለማስቀረት ሲደክሙ፣ የላቮ ሰዎች የሚሹት ፀሐይን ነው።

"ሦስት ፀሐይ አለን" ይላሉ። አንዱ የሰማዩ ነው፤ ሁለተኛው ከሐይቁ የሚያንጸባርቀው፤ ሦስተኛው ቀን ሙሉ የጋለው የድንጋይ ግንብ ሌሊት የሚተፋው ሙቀት። ትልቅ ውኃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም፤ ስለዚህ ዳርቻው ላይ በሞንትሩ በኩል ዘንባባ ይበቅላል፣ ቀና ሲሉ ደግሞ ከላይ ሮሼ ደ ናይ ከ2,000 ሜትር በላይ ተገትሯል። ጀርባዬ በላብ ርሶ በግንቡ ላይ መዳፌን አሳረፍሁ። ሦስተኛውን ፀሐይ በእጄ ዳሰስሁት።

ሺዮን ግንብ የደረስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ዓለት ላይ፣ ውኃው ውስጥ ቆሟል። እ.ኤ.አ. ከ1530 እስከ 1536 እዚህ እስረኛ የነበረው የጄኔቫው ፍራንስዋ ቦኒቫር ምድር ቤቱ ውስጥ የታሰረበትን ምሰሶ ሰው ሁሉ ይጎበኛል። እኔ ያየሁት በመስኮቱ በኩል ያለውን ውኃ ነው። ዳር ላይ አረንጓዴ ነው፤ ጥቂት ራቅ ሲል በአንዴ ጥቁር ይሆናል። ተራራው ከውኃው በላይ እንዳለው ቁልቁለት ሁሉ ከውኃው በታችም ይቀጥላል።

ሰኔ 12፤ ቪልኔቭና ለ ቡቨሬ

ዛሬ ሰኔ ሚካኤል ነው። እህቴ በማለዳ ደውላ "ለሚካኤል ጸልይልን፤ ወንዙ አጠገብ ስትደርስም ተጠንቀቅ" አለችኝ። የዓባይ ምንጭ ሰከላ ላይ፣ ግሽ ዓባይ፣ በእናቴ አገር ነው። ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ እዚያ የክረምቱ ዝናብ መሬት ይዟል ማለት ነው። ወንዝ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቀን አይኖረኝም።

ከቪልኔቭ ወዲያ ያለው አገር ከሰሜኑ ዳርቻ ጋር አይመሳሰልም። ሜዳ ነው። ሮን ከግግሩ ተነሥቶ በቫሌ ሸለቆ ወርዶ፣ ማርቲኒ ላይ በቀጥታ ማዕዘን ታጥፎ፣ በሺህ ዓመታት ተሸክሞ ያመጣውን ድንጋይና አፈር ያነጠፈበት ነው። ሐይቁ ድሮ ወደ ሸለቆው ውስጥ ብዙ ርቀት ይገባ ነበር፤ ወንዙ ነው እየሞላ ያሳጠረው። ሌ ግራንዤት የሚባለው የተጠበቀ ረግረግ በመንገዴ ላይ ነበር፤ ሸምበቆ፣ ኩሬ፣ የወፍ ድምፅ። ሸምበቆው ሲንሿሿ ዓይኔን ብጨፍን ጣና ዳር ደንገል ውስጥ ያለሁ ያህል ነበር። ይህን ያህል የሚተርፍ ረግረግ አሁን ጥቂት ነው፤ ሮን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና ዳግመኛ በ20ኛው በግንብ ተጨምቆ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ተደርጓል።

ከዚያ ለ ቡቨሬ። በወንዙ ግንብ ላይ እየሄድሁ ወደ አፉ ቀረብሁ። ከመድረሴ በፊት ብርዱ መጣብኝ። የሮን ውኃ ከግግር ነው የተነሣው። ውኃው ከግራጫና ከነጭ መካከል ነው፤ ግግሩ ድንጋዩን ፈጭቶ እንደ ዱቄት አልሞ ስለሚሰጠው። ጄኔቫ ድልድይ ላይ ያየሁት ጥርት ያለ ወንዝና ይህ አንድ ስም እንዳላቸው ማመን አቃተኝ።

የወንዙ አፍ ላይ ደረስሁ። ግራጫው ውኃ እየተንደረደረ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እኔ እንደ ጅራት ተዘርግቶ ሩቅ ድረስ የሚታይ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጥቂት ራቅ ብሎ በድንገት ያልቃል። እዚህ ድረስ ግራጫ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ነው፤ በመካከላቸው የሚንከላወስ፣ አረፋና ቅጠል የሚዞርበት መስመር አለ። የአገሩ ሰዎች ይህን ቦታ ባታዬር ይሉታል፤ ሁለቱ ውኃዎች የሚዋጉበት ማለታቸው ነው። ነገር ግን ሮን አልተሸነፈም፣ አልጠፋምም። ከሥር ገብቷል። ቀዝቃዛ ነው፣ ደለል ተሸክሟል፤ ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ከሞቀው ከላይኛው የሐይቅ ውኃ ይከብዳል። ጠልቆ ክብደቱ የሚመጣጠንበት ጥልቀት ሲደርስ እዚያ እንደ አንሶላ ይዘረጋል። ጎርፍ በሆነ ጊዜ፣ ደለሉ ሲበዛ፣ እስከ ሐይቁ ወለል ይወርዳል።

እስከ ታች ለመውረዱ ምልክት አለው። ከወንዙ አፍ ፊት ለፊት፣ ሐይቁ ወለል ላይ፣ ሸለቆ አለ፤ ግራና ቀኙ የደለል ግንብ ያለው፣ እየተጠማዘዘ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጥልቀት ሲለካ ተገኘ፤ እዚያ ውኃ ውስጥ ወንዝ እንደሚሄድ ያስረዳውም ፎሬል ነው። ግንቡ ላይ ተቀምጬ ይህን እያሰብሁ ብዙ ቆየሁ። ወንዝ ከወንዝ አልጋው ጋር፣ ከመጠማዘዣው ጋር፣ ከሐይቅ በታች! አባቴና ሮማውያኑ የተናገሩት ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ ሮን በመጨረሻ ይቀላቀላል። ግን ከንቱ ወሬም አይደለም። ወንዝ ሐይቅ ሲገባ ወዲያው ወንዝነቱን አይተውም፤ ሰዎች ከዳር ሆነው ያን ቀለም አይተው ነው የተናገሩት።

የቀረውን ስሌት በማስታወሻዬ ጀርባ ላይ ሠራሁት። ሐይቁ የያዘው 89 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ውኃ ነው። ጄኔቫ ላይ በአማካይ በሰከንድ 250 ኪዩቢክ ሜትር ይወጣል። ሲካፈል አሥራ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ይመጣል። ዛሬ በዓይኔ ፊት የገባው ውኃ፣ በአማካይ ከሄደ፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ነው ሰዤ ግድብ ላይ የሚደርሰው።

ከዚህ ቦታ ስለተነሣው መዓትም መጻፍ አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ563 በሮን ሸለቆ ውስጥ፣ ታውሬዱኑም በሚባል ቦታ፣ ተራራ ተናደ። የዚያ ዘመን ጳጳሳት የአቫንሹ ማሪየስና የቱሩ ጎርጎርዮስ ጽፈውታል፤ ሐይቁ ተነሥቶ መንደሮችን ከነሰዉና ከከብቱ ጠርጎ፣ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ድልድዩን አፈረሰ። ለረጅም ዘመን እንደ ተረት ያዩት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐይቁ ወለል ላይ የዚያን ዘመን ግዙፍ የደለል ንጣፍ አገኙ፤ ናዳው የወንዙን አፍ ደለል አናግቶ በውኃ ውስጥ አናደው፣ ማዕበሉን ያነሣውም ያ ነው አሉ። በስሌታቸው ማዕበሉ ሎዛን ላይ 13 ሜትር፣ ጄኔቫ ላይ 8 ሜትር ደርሷል፤ ጄኔቫ ለመድረስ የፈጀበትም 70 ደቂቃ ገደማ ነው። የተቀመጥሁበት ደለል ዛሬም በየዓመቱ ይጨመርበታል።

ሰኔ 13፤ ሳን ዣንጎልፍ፣ ኤቪያን፣ ሐይቁ መሐል

ሳን ዣንጎልፍ በመሐሏ የምታልፍ ሞርዥ የምትባል ጅረት ለሁለት አገር የከፈለቻት መንደር ናት። ጅረቷን በጥቂት እርምጃ ተሻግሬ ፈረንሳይ ገባሁ።

የደቡቡ ዳርቻ እዚህ ጥላ ነው። ተራራው በቀጥታ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ወይን የለም፤ መንገዱ በድንጋዩ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሜይሪ ላይ አሮጌ የድንጋይ ማውጫዎች ይታያሉ፤ የጄኔቫ ብዙ ሕንፃ ከዚህ ድንጋይ ነው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ በሆኑ ትልልቅ ጀልባዎች እየተጫነ ይሄድ ነበር።

ኤቪያን ብዙ አልቆየሁም። ውኃዋን ዓለም ያውቀዋል፤ ግግሩ በተወው የአሸዋና የጠጠር ክምር ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሲጣራ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ይህም የበረዶው ውርስ ነው።

ከኤቪያን ወደ ሎዛን በሚሻገረው መርከብ ተሳፈርሁ። መንገዱ 35 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ፈረንሳይ አድረው ስዊዘርላንድ የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ ይመላለሱበታል። እኔ የፈለግሁት መሐሉን ነው፤ የሐይቁ ትልቁ ጥልቀት እዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው፤ 310 ሜትር። ከመርከቡ በስተኋላ ቆሜ ለአባቴ ደወልሁ።

"አባዬ፣ ጥልቁ ላይ ነኝ።"

"ስንት ነው?"

"ሦስት መቶ አሥር ሜትር።"

"በዘንግ ስንት ይሆናል?"

ታንኳ የሚገፉበት ዘንጋቸው አምስት ሜትር ያህል ነበር። "ስልሳ ሁለት ዘንግ" አልኋቸው። ዝም አሉ። ጣና በጣም ጠልቆ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ዘንግ አይሞላም። ስፋቱ ግን ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሌማን አምስት እጥፍ ይሆናል። ሆኖም ሌማን የያዘው ውኃ ከጣና ሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህን ስነግራቸው "ታዲያ ታችኛው ውኃ በምን ይተነፍሳል?" አሉ። ሐይቅ እንደሚተነፍስ ማንም አላስተማራቸውም፤ ስልሳ ዓመት ውኃ ላይ ኖረው ነው ያወቁት።

ጥያቄያቸው የዛሬው የሌማን ትልቅ ጉዳይ ነው። ታች ያለው ውኃ ዓመቱን ሙሉ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ነው። በብርዱ ወራት የላይኛው ውኃ በጣም ሲቀዘቅዝ ከብዶ ይወርዳል፤ ሐይቁ ይገላበጣል፤ ታች ያለው ኦክስጅን ያገኛል። እስከ ወለሉ ድረስ ለመጨረሻ ጊዜ የተገላበጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ብርዱ በቂ አልሆነም። የዚያ ዓመት የየካቲት ቢዝ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋሳቸው፣ ቬርስዋ ዳርቻ ላይ መኪኖችን ከነመንገዱ በበረዶ ጠቅልሏቸው ነበር።

ከዚህ በፊትም ይህ ሐይቅ ታሞ ድኗል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከቤትና ከእርሻ የሚገባው ፎስፎረስ ከመጠን አልፎ፣ አልጌ ወርሮት፣ ታችኛው ውኃ ታፍኖ ነበር። ሁለቱ አገሮች በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጋራ ኮሚሽን አቋቁመው ነበር፤ የቆሻሻ ውኃ ማጣሪያዎችን ሠሩ፤ ስዊዘርላንድ በ1986 ፎስፌት ያለበትን የልብስ ሳሙና ከለከለች። ፎስፎረሱ ካሻቀበበት በብዙ እጅ ወርዷል። ዛሬ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሕዝብ የሚጠጣው ይህን ውኃ ነው። መርከቡ ላይ ቆሜ እምቦጩን አሰብሁ፤ በክረምት መንደራችን ፊት ለፊት ጣናን የሚሸፍነውን አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው የሚነቅሉትን ገበሬዎች። የሌማን ሰዎች ሳሙና እስከ መለወጥ ደርሰዋል። የጣናም መድኃኒት ከውኃው ዳር ሳይሆን ከእያንዳንዱ ገባር፣ ከእርሻውና ከከተማው ቱቦ እንደሚጀምር እዚህ መሐል ላይ ሆኜ ከመቼውም በላይ ታየኝ፤ በዚህ ላይ እስክሞት እናገራለሁ።

ሎዛን ስንቃረብ ዳርቻው ላይ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። በደቂቃ 40 ጊዜ ከሆነ ነፋስ ሊመጣ ነው፤ 90 ጊዜ ከሆነ ማዕበሉ ደርሷል። ቆጠርሁት፤ አርባ ነበር። ትንንሾቹ ሸራ ጀልባዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ወደብ አዙረው ነበር።

ሰኔ 14፤ ጄኔቫ፣ ላ ዦንክሲዮን

ነፋሱ ሌሊት አልፎ ሄደ። ከሎዛን በመርከብ፣ በኢቯር በኩል፣ በትንሹ ሐይቅ ወረድሁ። ውኃው እየጠበበ፣ ማዶና ማዶው እየተቀራረበ መጣ። እህቴ ወደቡ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ በፌስታል እንጀራ ይዛለች።

"አልጨረስህም አይደል?" አለች።

"አንድ ቦታ ቀርቶኛል።"

ከሐይቁ የወጣው ሮን ከተማዋን አቋርጦ ትንሽ እንደሄደ አርቭ ይገናኘዋል። አርቭ ከሞን ብላን ግግሮች ስለሚመጣ በሰኔ ግራጫ ነው፤ ለ ቡቨሬ ላይ ያየሁትን ሮን ይመስላል። ሮን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሐይቅ ውስጥ አርፎ፣ ሸክሙን አራግፎ ነው የወጣው፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ከላይ ያለው የባቡር ድልድይ ላይ የእግረኛ መሄጃ አለ፤ እዚያ ወጥተን ወደ ታች አየን። ሁለቱ በአንድ አልጋ ውስጥ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በመካከላቸው በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር አለ።

እህቴ ስልኩን አውጥታ ለአባታችን ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"አባዬ፣ ሁለታችንም ነን። ሁለት ወንዝ ሲገናኝ እያየን ነው።"

"ተቀላቀሉ?" አሉ።

"ገና ናቸው።"

ከላይ በኩል ትልቅ የዛፍ ቅርንጫፍ እየተንሳፈፈ መጣ፤ ልክ መስመሩ ላይ ነው፤ ግማሹ በሰማያዊው፣ ግማሹ በግራጫው። እህቴ የድልድዩን ብረት ይዛ ጎንበስ አለች።

"አሁንስ?" አሉ አባቴ።

"ቆይ አባዬ" አለች፤ "አንድ ቅርንጫፍ አለች፣ እሷን እየተከተልሁ ነው።"